መልስ፦ «ኢንሳይድ ነህ» ከተባልኩ ውሉን ልተው ወይስ አምብሬላ (በመሃል ሆኖ ቀጥሮህ ደሞዝህን የሚከፍል ካምፓኒ) ልግባ?

ወንድሜ፣ እዚህ እንግሊዝ በራስህ ሊሚትድ ካምፓኒ በኩል እየሠራህ፣ የምትሠራለት ድርጅት «አይአር 35 ውስጥ ነህ» (ኢንሳይድ ነህ፣ ማለትም ለታክስ እንደ ተቀጣሪ ትታያለህ) ስላለህ ለመልቀቅ አትቸኩል። መጀመሪያ ወረቀቱን ጠይቅ። ከኤፕሪል 2021 ወዲህ የግሉ ዘርፍ መካከለኛና ትልልቅ ድርጅቶች ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ካልተስማማህ ተቃውሞህን ጻፍላቸው፤ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ለሁሉም ኮንትራክተር አንድ ዓይነት ወረቀት በትነው ከሆነ ያንኑ አንሣባቸው፤ ሕጉ የሚለው እያንዳንዱ በጥንቃቄ ይታይ ነው።

ተቃውሞህ ላይ ግን ውሉን ብቻ አትጥቀስ፤ የሚታየው አሠራሩ ነው። በቦታህ ሌላ ሰው መላክ ትችላለህ? ሥራውን እንዴት እንደምትሠራ ማን ይወስናል? እውነቱን ለመናገር፣ ለእረፍት ማኔጀሩን እያስፈቀድክ ከሆነ ብዙ ባትደክም ይሻላል።

አምብሬላ ከገባህ ዋናው ነገር ዋጋው ነው። በቀን 500 ፓውንድ ሲሉህ ያ ደሞዝህ አይደለም። አሠሪ ለመንግሥት የሚከፍለው የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ (አሁን 15 በመቶ ገብቷል) እና የአምብሬላው ክፍያ ከዚያው ላይ ይነሣል፤ ያንተ ታክስ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በራስህ ካምፓኒ ስትሠራ በነበረው በድሮው ዋጋ አትፈርም፣ አስጨምር። «85 በመቶውን ኪስህ እናስገባለን» የሚልህን ደግሞ ሽሸው፤ እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ ደሞዝህን ከታክስ ለማምለጥ በብድር ስም ይከፍሉሃል፣ ታክሱ ግን ዞሮ ካንተ ሊጠየቅ ይችላል።

ለመሆኑ ድርጅቱ ትንሽ ነው ትልቅ? በሕጉ ትንሽ ከሚባሉት ከሆነ ውሳኔው የራስህ ካምፓኒ እንጂ የእነሱ አይደለም።