ሄርሺን «ቢ ቡድን» አትበሉት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። አሥር ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ልጅሽ ከጓደኛው ጋር የዋሽንግተን ካፒታልስን ጨዋታ አይቶ በሆኪ ፍቅር ወድቋል። አሁን ደግሞ ለልደቱ ሄርሺ ቤርስን፣ ካፒታልስ ወጣቶቹን የሚያሳድግበትን የፔንሲልቬንያ ቡድን፣ ካላየሁ ብሎ አስቸግሯል። ባለቤትሽ «ዋናው ቡድን እዚሁ አጠገባችን እያለ ቢ ቡድን ለማየት ሁለት ሰዓት ይነዳል እንዴ? ደግሞስ ሆኪ የእኛ ልጆች ጨዋታ ነው?» አለ። አንቺም ግራ ገብቶሽ «የምታውቁ ንገሩኝ» ብለሻል።

እኔ ከ2008 ጀምሮ የካፒታልስ ደጋፊ ነኝ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ሄርሺም በየዓመቱ ሁለት ሦስቴ እመላለሳለሁ። መልሴ «ውሰጂው» ነው። ለምን እንደሆነ ግን ትንሽ ላውራሽ።

አሜሪካ በገባሁ በዓመቱ ቻይናታውን አጠገብ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ዛሬ ካፒታል ዋን አሬና የሚባለው አዳራሽ ያኔ ቬራይዞን ሴንተር ነበር ስሙ። ጨዋታ ባለበት ማታ ቀይ ማልያ የለበሰ ሁሉ መኪናውን እኛ ጋ ያቆማል። ስለ ሆኪ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ሲወጡ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ብር ሲሰጡኝ ውጤቱን ከፊታቸው አነበው ነበር። በ2007 መኸር ላይ ያ ፊት አይጣል ነበር። ቡድኑ 21 ጨዋታ ተጫውቶ ያሸነፈው 6 ብቻ ነበር። ዝም ብለው ይከፍላሉ፣ ዝም ብለው ይወጣሉ።

በምስጋና ቀን፣ የቱርኩ በዓል ዕለት፣ አሰልጣኙ ተባረረ። በማግስቱ ማታ አንድ የዘወትር ደንበኛዬ የነበረ ሽማግሌ መስኮቱን አውርዶ «ከሄርሺ ሰው አምጥተዋል» አለኝ። ሄርሺ ለእኔ ቸኮሌት ነው። ምን እንደሚል አልገባኝም። ሰውየው ብሩስ ቡድሮ ነበር። በ2006 ሄርሺን የሊጉን ዋንጫ፣ ካልደርን፣ ያስበላ አሰልጣኝ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቶቹ መለወጥ ጀመሩ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲፈኩ አየሁ። ጡሩምባ እየነፉ የሚወጡ መጡ። ትርፍ ብር ትተውልኝ የሚሄዱ መጡ። የቡድኑ ኮከብ ኦቬችኪን በዚያ ዓመት 65 ጎል አገባ፤ ቡድኑም ከጅራት ተነስቶ ምድቡን አሸነፈ። መጋቢት ላይ ያ ሽማግሌ ሚስቱ ታማበት ስለነበር ትርፍ ትኬቷን ለእኔ ሰጠኝ። ፈረቃዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ ገባሁ።

እንደገባሁ ትዝ ያለኝ የአባቴ አገር ነው። ገና ሲደርስ ሜዳው ላይ በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመቱ፣ አቧራው፣ ጩኸቱ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ሎሌው ከጌታው ጋር ይጋጫል። ሆኪም ያው ነው። ዱላው ቆልማማ ነው። ፓኩ ማለት ጠፍጣፋ የጎማ ሩር ነው። አቧራው ብቻ በረዶ ሆኗል። ባለቤትሽ «የእኛ ጨዋታ ነው ወይ» ካለ በዚህ ጀምሪለት።

አሁን ወደ ሄርሺ ልምጣ።

አገር ቤት ቢ ቡድን ወይም ተስፋ ቡድን ስንል የሚመጣልን ዋናው ቡድን ከመጫወቱ በፊት በባዶ ሜዳ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ሄርሺ እንደዚያ አይደለም። ካፒታልስ የተመሠረተው በ1974 ነው። ሄርሺ ቤርስ በአሜሪካን ሆኪ ሊግ መጫወት የጀመረው በ1938 ነው። እስከ ዛሬም አላቋረጠም፤ በሊጉ ውስጥ እንደ እሱ የቆየ ቡድን የለም። ካፒታልስ የትልቁን ሊግ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊን፣ የበላው አንድ ጊዜ፣ በ2018 ነው። ሄርሺ የራሱን ሊግ ዋንጫ 13 ጊዜ በልቷል። ካፒታልስ ደግሞ የሄርሺ ባለቤት አይደለም። ቡድኑ የሄርሺ መዝናኛና ሆቴል ኩባንያ ነው። ያ ኩባንያ በተራው ሚልተን ሄርሺ ለችግረኛ ልጆች ላቋቋመው ትምህርት ቤት የተተወ ሀብት ነው። ስለዚህ ውላቸው እንዲህ ነው፤ ካፒታልስ ተጫዋቾቹን ይልካል፣ ሄርሺ ደግሞ ቤቱን፣ ሕዝቡንና የማሸነፍ ልማዱን ይሰጣል።

ውሉ አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት የካፒታልስ ልጆች የሚያድጉት ሜይን ውስጥ ፖርትላንድ ነበር፤ እጅግ ሩቅ ነው። ሄርሺ ግን ከዲሲ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ይህ ቅርበት ብዙ ነገር ለወጠ። ዋናው ቡድን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 23 ተጫዋች ነው፣ ለጨዋታ የሚለብሰው 20 ብቻ ነው። አንዱ ጠዋት ልምምድ ላይ ቢጎዳ ሄርሺ ይደወላል። ልጁ ቦርሳውን መኪናው ውስጥ ወርውሮ ይነዳና ማታ ዲሲ በረዶ ላይ ይቆማል። ትልልቆቹን ተጫዋቾች ወደ ታች ማውረድ ግን ከባድ ነው። መጀመሪያ ለሌሎቹ 31 ቡድኖች ክፍት ይደረጋል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የፈለገው ቡድን ይወስደዋል። ወጣቶቹ ከዚህ ነፃ ስለሆኑ በአንድ ወር ሦስት አራቴ ሲመላለሱ ታያለሽ።

የዚህ ዋጋ የሚከፈለው ሄርሺ ላይ ነው፤ ይህን እንደ ደጋፊ በግልጽ እናገራለሁ። ቡድኑ በጥሩ ሁኔታ ላይ እያለ ምርጡ አጥቂ ይጠራል፤ ቅዳሜ ማታ ልታዪው የሄድሽው ልጅ የለም። አጠገቤ የሚቀመጡ የሄርሺ ሰዎች ግን በዚህ ሲማረሩ ብዙም አልሰማሁም። ልጁ ሲጠራ ወንድማቸው ሥራ እንዳገኘ ያህል ነው የሚደሰቱት። ማታ ዲሲ ላይ ጎል ካገባማ አዳራሹ በሙሉ ወሬው እሱ ነው።

ልጅሽን መኪና ውስጥ አንድ ታሪክ አጫውቺልኝ። ጄይ ቢግል የሚባል ተጫዋች ነበር። ቡድኖቹ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት ማንም አልመረጠውም። በ2007 አይዳሆ ውስጥ በሦስተኛው እርከን ሊግ የኬሊን ዋንጫ በላ። ከዚያ ሄርሺ መጣና በ2009 እና በ2010 የካልደርን ዋንጫ በላ። በ2018 ደግሞ ከካፒታልስ ጋር ስታንሊን። ሦስቱንም ዋንጫ የበላ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዚያው የ2018 ቡድን ውስጥ በረኛው ሆልትቢ፣ ተከላካዩ ካርልሰን፣ ስቲፈንሰን፣ ቭራና ሁሉም የሄርሺን ማልያ የለበሱ ናቸው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ናታን ዎከር ነው። ያደገው ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ነው። በረዶ የማይወርድበት ከተማ ማለት ነው። በ13 ዓመቱ ብቻውን ቼክ ሄዶ ሆኪ ተማረ። ሄርሺ ውስጥ ዓመታት ለፋ። በ2017 በካፒታልስ ማልያ ሲሰለፍ በኤንኤችኤል የተጫወተ የመጀመሪያው አውስትራሊያዊ ሆነ፤ በዚያው ጨዋታ ጎልም አገባ። በ2018 ካፒታልስ ሁሌ ይሸነፍለት የነበረውን ፒትስበርግን ባሰናበተበት ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የመጀመሪያውን ጎል ያቀበለ እሱ ነው። ያን ማታ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር የማየው። ኩዝኔትሶቭ በጭማሪ ሰዓት ሲያገባ ባለቤቴ ሕፃኗን ቀሰቀስክብኝ ብላ ተቆጣች። ከዚያ እሷም አለቀሰች። ከወር በኋላ፣ ሰኔ 12፣ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ኮንስቲቱሽን ጎዳና ላይ ዋንጫው ሲያልፍ አሳየኋት።

«የእኛ ልጆች ጨዋታ ነው ወይ» የሚለውን ባለቤትሽ በክፋት እንዳላለው ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ዙሪያዬን ስቃኝ እኔን የሚመስል ጥቂት ሰው ነው ያየሁት። ግን ታሪኩን ጠይቄ ደረስኩበት። ካፒታልስ በ1974 ሲመሠረት በድራፍት ከመረጣቸው የመጀመሪያ ልጆች አንዱ ማይክ ማርሰን ነው። ከዊሊ ኦሪ ቀጥሎ በኤንኤችኤል የተጫወተ ሁለተኛው ጥቁር ነው። በ2012 ቦስተንን በሰባተኛው ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት ያሰናበተው ጆኤል ዋርድ ነው። በ2018 ላስ ቬጋስ ላይ፣ ዋንጫው በተበላበት ጨዋታ፣ እየወደቀ አቻ ያደረገን ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ ነው። እዚሁ ዲሲ ደቡብ ምሥራቅ፣ ፎርት ዱፖን ላይ ደግሞ ኒል ሄንደርሰን የሚባሉ ትልቅ ሰው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው የሰፈር ልጆችን ሆኪ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በ2019 የአሜሪካ ሆኪ የዝና አዳራሽ ገብተዋል። ልጅሽ መጫወት እፈልጋለሁ ካለ ቦታ አለው ማለት ነው።

ከሄርሺ ያየሁትን አንድ ማታ ብቻ ልንገርሽ። ሰኔ 2024 ነው። የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ከኮቼላ ቫሊ ጋር። በ2023ም ፍጻሜው ከእነሱ ጋር ነበር። ያኔ ሄርሺ ሁለት ለባዶ ከተመራ በኋላ ተነስቶ በሰባተኛው ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት አሸንፏል። ልጄን ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ ወደ 10,500 ሰው ይይዛል፤ ጢም ብሏል። የትም ብትቀመጪ በረዶው ቅርብ ነው። ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ትሰሚዋለሽ፣ በረኛው ሲጮህ ትሰሚዋለሽ። ከኋላችን አንዲት አሮጊት ሹራብ እየሠሩ ነው የሚያዩት። እውነቴን ነው። ጨዋታው አራት ለአራት አለቀና ጭማሪ ሰዓት መጣ። ያን ጊዜ ሹራቡን ከረጢት ውስጥ ከተቱት። የልጄን እጅ ያዙ። ማት ስትሮም አገባ። ወንድሙ ዲላን ስትሮም ለካፒታልስ ነው የሚጫወተው። አንድ ቤት፣ ሁለት ማልያ። አሮጊቷ ልጄን እጇን ሳይለቁ «አሥራ ሦስት» አሏት። አሥራ ሦስተኛው ዋንጫ ማለታቸው ነው። ልጄ እስከ ዛሬ አሥራ ሦስት ቁጥርን ስታይ ሄርሺ ትላለች።

አሁን የካፒታልስ አሰልጣኝ ስፔንሰር ካርበሪም ሄርሺን ያሰለጠነ ነው፤ በ2025 የኤንኤችኤል የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ቡድሮም በ2008 ተብሎ ነበር። ተጫዋቾቹ ማክማይክልና ፕሮታስም እዚያው የበሰሉ ናቸው። ልጅሽ ሄርሺ ላይ ዛሬ የሚያየውን ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ዲሲ ላይ ያገኘዋል። «እኔ አውቀዋለሁ» ይላል። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለጉዞው የሚጠቅምሽን ልጨምር። ቅዳሜ ሂዱ፣ ቀን ላይ ድረሱ። ቸኮሌት ጎዳና ላይ የመንገድ መብራቶቹ በኪስስ ቸኮሌት ቅርጽ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ የተጠቀለለ፣ አንዱ የተላጠ። ልጁ ይቆጥራቸው። ትኬቱ ከዲሲው በጣም ይረክሳል፣ ስለዚህ ወደ ታች፣ ከመስታወቱ አጠገብ ግዙለት። ጃኬት አትርሱ፣ ቅርቡ ቦታ ይበርዳል። ፓኩ ከፈጠነበት ፓኩን ሳይሆን ተጫዋቾቹን ተከተል በዪው፤ ዓይን ወዲያው ይለምዳል። መንገዱ ለባለቤትሽ ከከበደው ደግሞ መጀመሪያ አርሊንግተን ሂዱ። ቦልስተን ከገበያ አዳራሹ ላይ ካፒታልስ የሚለማመድበት ሜዳ አለ፤ ልምምዱ ብዙ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም።

የልጁ ልደት ብርዱ ወራት ላይ ከሆነ የቴዲ ቤር ቀን መቼ እንደሆነ አጣሪ። በዚያ ቀን ሄርሺ የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ሰዉ ሁሉ ይዞት የመጣውን አሻንጉሊት በረዶው ላይ ይወረውራል። ከዚያ ተሰብስቦ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ጥር 2025 ላይ 102,343 አሻንጉሊት ተወርውሯል። እኔና ልጄ ስድስት ይዘን ነበር። ከሰማይ ድብ ሲዘንብ አስቢው። ጨዋታው ቆሞ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በክንዳቸው እያቀፉ ይለቅማሉ። ለልጅሽ ሁለት ሦስት ግዢለት። አንዱን አልወረውርም ቢልሽ አትቆጪው፤ የእኔዋም አንዱን ይዛ ተመልሳለች፣ አሁንም አልጋዋ ላይ አለ።