ደቦውም ደመወዝ ነበር

ከእስራኤሏ አሽዶድ ከተማ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለው ባጭሩ ልድገመው። ዕድሜህ 25 ነው፤ የየሺቫ (የኦሪት ትምህርት ቤት) ትምህርትህን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ቀርተውሃል፤ አያትህ በጎንደር ገጠር የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቄስ ነበሩ። የሰፈርህ የቤተ እስራኤል ምኩራብ ሽማግሌዎች "ራቢያችን ሁንልን" ብለው ጠሩህ። ደመወዙን ስትጠይቅ አንደኛው "ልጄ፣ ኦሪትን መቆፈሪያ አታድርጋት" አሉህ። አባትህ ደግሞ እቤት ጠብቀው "አሳፈርከኝ" አሉህ። ነርስ የሆነችው እጮኛህ የቤት ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው ትላለች። አንተም ገንዘብ መጠየቄ ኃጢአት ነው ወይ ብለህ ጽፈሃል።

አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት ስለማልችል የዛሬው መልሴ ይረዝማል።

ሽማግሌው የጠቀሱት ቃል ፒርቄ አቮት በሚባለው የአበው ምክር መጽሐፍ ውስጥ ያለ፣ የጥንቱ የራቢ ጻዶቅ ቃል ነው፤ ኦሪትን የእንጀራ ማግኛ መሣሪያ አታድርጋት ማለት ነው። የመካከለኛው ዘመን ታላቅ ሊቅ ራምባምም (ማይሞኒደስ) አጥብቆ ይዞታል፤ በኦሪት መተዳደርን ክፉኛ ነቅፎ ጽፏል። ነገር ግን ያን ጊዜ ራምባምን ማን ያበላው ነበር? ዳዊት የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ እየነገደ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ዳዊት ለንግድ በሕንድ ውቅያኖስ ሲጓዝ ሰጥሞ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ራምባም በግብፅ የኖረው በሐኪምነት ነው። እንግዲህ ልጠይቅህ፤ ያንተ ዳዊት ማን ነው? እጮኛህ ናት። ሽማግሌዎቹ "ለነፍስህ ብለህ አገልግል" ሲሉህ፣ አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፣ ምኩራቡን በእሷ የሌሊት ተረኛ ክፍያ ሊያስተዳድሩ ነው። እሷን ግን ማንም አላማከራትም።

በሌላ በኩል ራቢ ሺምዖን ዱራን አለልህ። እሱም ሐኪም ነበር፤ በ1391 (እ.ኤ.አ.) በስፔን ደሴት በማዮርካ አይሁድ ላይ ጥቃት ሲነሣ ሸሽቶ አልጀርስ ገባ። እዚያ ሕክምናው እንጀራ አልሆነው ሲል ከማኅበረሰቡ ደመወዝ ተቀበለ፤ ለምን እንደተቀበለም አስረድቶ ጻፈ። የየሺቫ መምህሮችህ "ስኻር ባታላ" (ሥራ የተፈታበት ጊዜ ካሣ) የሚሉትን ታውቀዋለህ። ራቢ የሚከፈለው ለኦሪቱ ዋጋ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ሠርቶ ሊያድርበት ይችል ለነበረው ጊዜ ነው።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅና የአረብ አገር ታሪክ ነው ካሉህ ወደ አያትህ እንመለስ። "አያቴ ግን አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉ አገለገሉ" ብለህ ጽፈሃል። ከዚያው ሁለት መስመር ዝቅ ብለህ ደግሞ አጨዳ ሲደርስ መንደሩ በደቦ ወጥቶ ያጭድላቸው እንደነበር ነግረኸኛል። ታዲያ ደቦው ምን ይመስልሃል? ደመወዝ ነዋ! አሽዶድ ውስጥ ደግሞ አከራይህ ደቦ አይቀበልም።

አባትህን አልወቅሳቸውም። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ወገኖቻችን "እኛ አይሁድ ነን፣ እንደ አዲስ ገቢ በውኃ አንጠመቅም" ብለው ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋናው ራቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠዋል። ያን ያየ አባት ልጁ ራቢ ሊሆን ነው ሲባል ደረቱ ቢነፋ ያምርበታል። ኩራቱ የእሳቸው፣ ኪራዩ ግን ያንተ ነው።

ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ የነገሩህ አይመስለኝም። ስብከቱንና ትምህርቱን ታውቃለህ። እኔ ወጣት ሳለሁ በአንድ ትንሽ ጉባኤ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ፤ አሁንም ሕልሜ ውስጥ የሚመጣው የለቅሶ ቤት ደረጃ ነው። ሺቫው (የሰባት ቀኑ ለቅሶ) ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። የማታ ጸሎት ሰዓት ደርሷል፤ ጸሎቱ አሥር ወንዶች ይፈልጋል፣ የቆሙት ግን ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛውን ፍለጋ ወርደህ የታክሲ ሹፌር ትለምናለህ፤ ይዘኸው ስትወጣ ከዘጠኙ አንዱ ለሥራ ሄዷል። እንደገና ትወርዳለህ። ይህ ለሰባት ቀን ነው። በመሐሉ የሟች የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ ያለውን ለአያቱ በአማርኛ፣ አያቱ ያሉትን ለእሱ በዕብራይስጥ የምትመልሰው አንተ ነህ። ሌላው ሰው የሚያርፍበት ሰንበት ላንተ ከሳምንቱ ሁሉ የሚከብደው የሥራ ቀን ነው።

ከዚያ ጉባኤ ስወጣ የብር የኪዱሽ (የሰንበት ወይን ቡራኬ) ዋንጫ ሸለሙኝ፤ ስሜ ተቀርጾበታል፣ እሱም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ለስድስቱ ዓመታት ያለኝ ጡረታ ያ ዋንጫ ነው። የተፈረመ ውል አልነበረም፣ ትሉሽ (የደመወዝ ወረቀት) አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው በ34 ዓመቴ፣ ሁለት ልጆች ይዤ፣ ኮሌጅ የገባሁት።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ይህ አገር ከአሜሪካ ይለያል፤ እዚያ ራቢን ጉባኤው በውል ይቀጥረዋል፣ እዚህ ግን አብዛኛው ምኩራብ ደመወዝተኛ ራቢ የለውም፤ ከመንግሥት የሚከፈላቸው የከተማና የሰፈር ራቢዎች ናቸው፣ ቦታውም ጥቂት ነው። ሙሉ ደመወዝ ካልከፈላችሁኝ ብለህ ምኩራቡን አታስጨንቅ፤ አይችልም። የግማሽ ቀን ሥራ ጠይቅ፤ ግን በጽሑፍ፣ በሰዓት፣ በትሉሽ። ምኩራቡ አሙታ (ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር) ሆኖ ከተመዘገበ ትሉሽ ማውጣት ይችላል። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ለሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው። በቀረው ግማሽ ቀን የመምህርነት ምስክር ወረቀት አውጥተህ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት አስተምር። ጉባኤው ቢበተን የምትቆምበት መሬት ይኖርሃል።

ሌሎቹን ጥያቄዎችህን ቶሎ ልመልስ። የዋናውን ራቢነት ፈተና ውሰድ፤ የእነሱ ፈቃድ ከሌለህ ጋብቻ ማስፈጸም አትችልም። ወደ አሜሪካ ለመሄድ ያሰብከውን ከሠርጉ በፊት አታንሳው። ራቢ መሆንህ ቄሱን አያትህን መካድ ነው ወይ ላልከው፣ አያትህ በሕይወት ስላሉ እሳቸውን ጠይቃቸው። እኔ ግን የኪርያት ጋትን ከተማ አስታውስሃለሁ፤ ከሆሎኮስት የተረፉ አውሮፓውያን ያቋቋሙትን ምኩራብ የመራው ራቢ ሻሮን ሻሎም የኛው የቤተ እስራኤል ልጅ ነው።

ሠርጋችሁ ከሻቩዖት፣ ከፋሲካ ሰባት ሳምንት በኋላ ከሚውለው በዓል፣ በኋላ ነው ብለሃል። እንግዲያው ወረቀቱ ከፋሲካ በፊት ይፈረም፤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ስትሄድም እጮኛህን ይዘሃት ግባ።