«ይህም አገልግሎት ነው» ይለኛል፤ እሱ ግን አይነሳም

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን ልጆችን አስተምራለሁ። የባለቤቴ እናት ታመው እኛ ጋ ከመጡ ወዲህ ግን ተረጋግቼ መዘጋጀት አልቻልኩም። መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ይጠሩኛል። ውኃ፣ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ጨዋታ። እነሳለሁ፣ ግን ፊቴ ይጠቁራል። ባለቤቴ «ይህም አገልግሎት ነው» ይለኛል፤ እሱ ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። እኔ ክፉ ሰው ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም፣ እህቴ። ክፉ ብትሆኚ መች ትነሺ ነበር?

ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ያሳተሙት ጥናት አለ። የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። የአንዳንዶቹ ርዕስ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ እያሳለ ተቀምጧል። ካልተቻኮሉት 63 በመቶው ረዱት፤ በጣም ከተቻኮሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊናገሩ መሄዳቸው ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። የአንቺም ችግር ጥድፊያ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይሪው። ለዝግጅት ከመቀመጥሽ በፊት መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂጂ። ውኃውን አቅርቢ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ትንሽ አጫውቻቸው። የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጣራው ሰው መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ያም ሆኖ መጥራታቸው አይቀርም። ስትነሺ የደረስሽበትን ሐሳብ በአንድ መስመር ጻፊው፤ ስትመለሺ ከዜሮ አትጀምሪም። ማርቆስ 5 ላይ ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ለማዳን እየሄደ ነበር። ነገሩ የሞት ሽረት ነው። ግን 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት ለኖረች ሴት ቆመ፤ ታሪኳን እስክትጨርስም ሰማት። ለልጆቹ ከምታስተምሪው ትምህርት አንዱ እዚያው አማትሽ ክፍል ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። የተናገረው እውነት ነው፤ ለእሱም ጭምር። ሁሌ በአንድ ሰው ላይ የሚወድቅ ነገር ድንገተኛ መቋረጥ መሆኑ ይቀርና ቋሚ ሥራ ይሆናል። ቋሚ ሥራ ደግሞ ይከፋፈላል። ሳምራዊው እንኳ ቁስለኛውን ለብቻው አላስታመመም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ «ጠብቀው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

እናቱ በማይሰሙበት ቦታ አናግሪው። «መቼም አታግዘኝም» ብለሽ አትጀምሪ፤ ወዲያው መከላከል ውስጥ ይገባል። ይልቅ «ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት እዘጋጃለሁ። እናትህ ሲጠሩ አንተ ትነሳለህ» በዪው። በዚያ ሰዓት ሲጠሩ ግን ቀድመሽው እንዳትነሺ! መጀመሪያ ላይ ዘግየት ይል ይሆናል፤ መድኃኒቱ ያለበትንም አያውቅ ይሆናል። ይጠይቃቸው። እናቱ ናቸው፣ ይነግሩታል።