የቤትና የቦታ ግምት ሲከለስ፦ ከሐዋሳ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ከወጣ ወዲህ «ይህ ግምት ከየት መጣ? ከተሳሳተስ ለማን አቤት ይባላል?» የሚለው ጥያቄ በየሰፈሩ በዝቷል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ከሐዋሳ ልዩ ልዩ ክፍለ ከተሞች የቀረቡ ናቸው። መላሹ የሕንጻ ግምትና የግብር አቤቱታ ሥራ የሚያውቅ ነው። በስሌቶቹ ውስጥ የገቡት የካሬ ዋጋዎች፣ የእርጅና ቅናሽና የታክስ ምጣኔዎች ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ የራሳችሁን ከደረሳችሁ ማሳወቂያ ላይ አንስታችሁ ተኩ።

ጥያቄ (መናኸሪያ)፦ እስከ ዛሬ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ስከፍል ኖሬአለሁ። አዲሱ በምን ይለያል?

መልስ፦ የቀድሞው በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የሚሠራ ነበር። የቤቱ ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገኛል ተብሎ በተገመተው ኪራይ ላይ ነው። አዲሱ የሚነሣው ከንብረቱ ዋጋ ነው። ሕንጻውና የቦታው የመጠቀሚያ መብት ለየብቻ ይገመታሉ። ታክሱ የሚሰላው ከተገመተው ዋጋ 25 በመቶ ላይ ብቻ ነው። ምጣኔው በአዋጁ ወሰን ተበጅቶለታል፦ ለቦታ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንጻ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ። በዚህ ወሰን ውስጥ ቁጥሩን የሚቆርጠው ክልሉ ነው። ግምቱ በየ5 ዓመቱ ይከለሳል፤ ስለዚህ ዛሬ ዝም ያላችሁት ስሕተት እስከሚቀጥለው ክለሳ ድረስ በየዓመቱ ያስከፍላችኋል።

ጥያቄ (ታቦር)፦ እባክዎን በቁጥር ያሳዩን። በቃል ሲነገር አይገባኝም።

መልስ፦ 200 ካሬ ቦታ ላይ ያረፈ፣ 10 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ፣ ከተሠራ 12 ዓመት የሞላው የብሎኬት ቤት እንውሰድ።

ሕንጻው፦ 120 ካሬ በካሬ 15,000 ብር ሲባዛ 1,800,000 ብር ይሆናል። ይህ ቤቱ ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ የሚፈጀው ወጪ ነው። የቤቱ ዕድሜ 50 ዓመት ተብሎ ከተያዘ የ12 ዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 24 በመቶ ነው፤ 1,368,000 ይቀራል። የዚህ 25 በመቶ 342,000 ነው። በ0.3 በመቶ ሲሰላ 1,026 ብር።

ቦታው፦ 200 ካሬ በ4,000 ብር 800,000፤ 25 በመቶው 200,000፤ በ0.4 በመቶ 800 ብር።

ድምሩ በዓመት 1,826 ብር። ማሳወቂያችሁ ድምሩን ብቻ ከያዘ ዝርዝር የግምት ቅጹን በጽሑፍ ጠይቁ። ቅጹን ሳያዩ አቤቱታ መጻፍ በጨለማ መተኮስ ነው። ማወቅ ያለባችሁ ስድስት ነገሮች ናቸው፦ የቦታው ስፋት፣ የቦታው ደረጃ፣ የቤቱ ስፋት፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የተሠራበት ዓመትና አገልግሎቱ።

ጥያቄ (አዲስ ከተማ)፦ ከነዚህ ውስጥ ታክሱን በብዛት የሚያንረው የትኛው ስሕተት ነው?

መልስ፦ በዚያው ምሳሌ እንየው። ቦታው ከ4,000 ብር ደረጃ ወደ 9,000 ብር ደረጃ በስሕተት ከገባ የቦታው ታክስ ከ800 ወደ 1,800 ብር ይዘላል። የቤቱ ዕቃ ደረጃ ከ15,000 ወደ 22,000 ከተሳሳተ ጭማሪው 478 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። የ12 ዓመቱ ቤት አዲስ ተብሎ ከተመዘገበ 324 ብር ይጨምራል። የቤቱ ስፋት ከ120 ወደ 148 ካሬ ቢያብጥ 239 ብር ገደማ። እንግዲህ ብዙ ሰው ሜትር ይዞ ቤቱን ለመለካት ሲሮጥ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው የቦታው ደረጃ ነው።

ጥያቄ (ባህል አዳራሽ)፦ የኔ ቦታ የአስፋልት ዳር ደረጃ ተሰጥቶታል። በሬ ግን የሚከፈተው ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮረት መንገዱ ነው።

መልስ፦ ይህ በማዕዘን ቦታዎች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው። ሁለት ነገሮችን ለዩ። ለአንድ ደረጃ የተቆረጠው የካሬ ዋጋ ለከተማው በሙሉ የወጣ ስለሆነ በአንድ ሰው አቤቱታ አይቀየርም። ቦታችሁ የትኛው ደረጃ ውስጥ ገባ የሚለው ግን በአቤቱታ ይታረማል። ስለዚህ «የካሬው ዋጋ ውድ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ቦታዬ የተመደበበት ደረጃ ከሳይት ፕላኑ ጋር አይጣጣምም» በሉ። መግቢያው በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳየውን ሳይት ፕላን፣ የበሩንና የመንገዱን ፎቶ አያይዙ። በዚያው መንገድ ላይ በራቸው የሚከፈት ጎረቤቶች ዝቅ ያለ ደረጃ ካገኙ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ የማሳወቂያቸው ኮፒ ከምንም በላይ ይረዳል።

ጥያቄ (ምሥራቅ)፦ ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ከውጭ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ብሎኬት ብለው መዘገቡት። እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ዝም ካላችሁት ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። መዝጋቢው ከበር ላይ ሆኖ የሚያየው ልስኑንና ቀለሙን ነው። የግድግዳው እውነት የሚታየው ልስን በማይደርስባቸው ቦታዎች ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ጣሪያው ሥር ያለው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ብዙ ጊዜ አይለሰንም፤ ማገሩና ጭቃው እዚያ ይታያል። የኮርኒሱን መውጫ ከፍታችሁ ፎቶ አንሡ። ሌላው የሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ወይም የበር መቃን ዳር ነው። ግድግዳውን በኤሌክትሪክ ማብሪያ ሳጥን በኩል ለማየት ከተገደዳችሁ ቆጣሪው ላይ አጥፍታችሁ ባለሙያ ይፍታው። በማመልከቻችሁ ላይ «ባለሙያ መጥቶ በአካል ይመልከትልን» የሚል ግልጽ ጥያቄ አስገቡ። የግንባታ ፈቃዱ «ጭቃ» ካለ ኮፒውን ጨምሩ።

አንድ ጥንቃቄ፦ መሠረቱና እስከ መስኮት ድረስ ያለው ብሎኬት ሆኖ ከዚያ በላይ ጭቃ የሆነ ቤት አለ። እንዲህ ከሆነ እንዳለ ተናገሩ፤ ባለሙያው ሲመጣ የሚያገኘው ከጻፋችሁት ከተለየ የቀረው አቤቱታችሁም ተአማኒነት ያጣል።

ጥያቄ (ታቦር)፦ ቤቴ 120 ካሬ ነው፤ ቅጹ 148 ይላል። 28 ካሬ ከየት መጣ?

መልስ፦ ምናልባት የተለካው ጣሪያው ነው። ከአየር ላይ በተነሣ ምስል ሲለካ የሚታየው ቆርቆሮው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ቆርቆሮው በየአቅጣጫው ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ 10 በ12 የነበረው 11.2 በ13.2፣ ማለትም 147.84 ካሬ ይሆናል። የእናንተ 148 ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ከውጭ ግድግዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ፤ ውስጥ ውስጡን ከለካችሁ የግድግዳው ውፍረት ይቀርና ቁጥራችሁ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አይገናኝም። ቤቱ ኤል ቅርጽ ካለው ለሁለት ከፍላችሁ አስሉ። ግድግዳ የሌለውን በረንዳ ለብቻው ጻፉ። በአንድ ገጽ ላይ በእጅ ንድፍ ሥላችሁ በየጎኑ ልኬቱን አስፍሩ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ግቢውን በሙሉ ዞራችሁ እዩ። ያልተመዘገበ ሰርቪስ ቤት ወይም ወጥ ቤት ካለ ድጋሚ ልኬት ሲመጣ እሱም ይመዘገባል። ጭማሪውና ቅናሹ ሲተሳሰብ ታክሱ ሊጨምር ይችላል።

ጥያቄ (መሐል ከተማ)፦ ከፊት ለፊት አንድ ክፍል ሱቅ አለኝ። ቤቱ በሙሉ ንግድ ተብሏል።

መልስ፦ ሱቁ ስንት ካሬ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። 16 ካሬ ሱቅ 120 ካሬውን መኖሪያ ንግድ አያደርገውም። ንግድ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን አድራሻና የክፍሉን ንድፍ አያይዙ። ሱቁን ግን አትካዱ።

ጥያቄ (ሐይቅ ዳር)፦ ቤታችን ወደ ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ እርጥበት ይዞታል፤ ቀለሙ ይላጣል። ይህ ግምቱን ይቀንሳል?

መልስ፦ ሊቀንሰው ይችላል፤ ግን በቤቱ ዕድሜ ብቻ በሚሰላው የእርጅና ቅናሽ ውስጥ ስለማይታይ እናንተ ካላነሣችሁት ማንም አያነሣውም። በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውኃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው። እርጥበት መከላከያ ሳይነጠፍበት የተሠራ መሠረት ውኃውን ወደ ግድግዳው ይስበዋል፤ ውኃው ሲተን ጨው ይተዋል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየውና ልስኑን የሚገፋው እሱ ነው። የግድግዳው ፎቶ ላይ ሜትር አስደግፋችሁ ከፍታውን አሳዩ። የወለሉን መሰነጣጠቅ፣ የበሮቹን መበስበስ ለየብቻ አንሡ። ለጥገና ያወጣችሁት ደረሰኝ ካለ ጠቃሚ ነው። ፎቶው በክረምት የተነሣ ብቻ ከሆነ «ዝናብ ነው» ይባላል፤ በበጋም የተነሣ ይኑር።

ቦታው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለሐይቁ መቅረብ የቦታውን ደረጃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ የእርጥበቱ ክርክር በሕንጻው መስመር ላይ ይቁም።

ጥያቄ (ታቦር)፦ ቤቱን የገዛሁበት ውል ከግምቱ በጣም ያነሰ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ ደካማ ማስረጃ ነው። በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከተከፈለው ማነሱ የተለመደ ስለሆነ ሰሚው አያምነውም። የባንክ ግምትም ሁለት ስለት አለው፤ ለብድር የተሠራው ግምት ከመሥሪያ ቤቱ በላይ ከሆነ በራሳችሁ እጅ ተቃራኒ ማስረጃ አቀረባችሁ ማለት ነው። አስቀድማችሁ አንብቡት።

ጥያቄ (ሐዌላ ቱላ)፦ አቤቱታው እንዴት ይጻፋል? ቀኑስ?

መልስ፦ ማሳወቂያው የደረሳችሁን ቀን በላዩ ላይ ጻፉ፤ ሲቀበሉ የፈረማችሁበትን ቀን አስታውሱ። የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ማሳወቂያው ላይ የተጻፈው የጊዜ ገደብ ይገዛችኋል። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ በውሳኔው ያልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ የሚያከራክረውን ታክስ 50 በመቶ አስይዞ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ 75 በመቶ አስይዞ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚያ ሥርዓት የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ነው። ለሐዋሳ ቤት የሚሠራው የሲዳማ ክልል ሕግ ስለሆነ ቅጹን ስትወስዱ ቀኑንና የሚያዘውን ገንዘብ ጠይቁ። መልሱን እስክታገኙ ግን 21 ቀንን እንደ መጨረሻ ቆጥራችሁ ተንቀሳቀሱ።

ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦

«በ... ክፍለ ከተማ ... ቀበሌ በካርታ ቁጥር ... ለተመዘገበው ይዞታዬ በ... ቀን የደረሰኝ ግምት ላይ የሚከተሉት ስሕተቶች አሉ። 1ኛ፦ የቤቱ ስፋት 148 ካሬ ተብሏል፤ ትክክለኛው 120 ካሬ ነው (ንድፍ ተያይዟል)። 2ኛ፦ የግድግዳው ዓይነት ብሎኬት ተብሏል፤ ጭቃ ነው (ፎቶ 1 እስከ 4)። ባለሙያ በአካል አይቶ እንዲያርምልኝና የታረመው ስሌት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመትታችሁ ይዛችሁ ውጡ። በቃል «እናየዋለን» ተብሎ መመለስ አቤቱታ አይባልም፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው አብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (መናኸሪያ)፦ እስኪወሰን ክፍያውን ላቁም?

መልስ፦ አታቁሙ። የማትከራከሩበትን ክፍል በወቅቱ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም ከአቤቱታው ኮፒ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ቅጣትና ወለድ የሚከማችባችሁ ለተወዘፈው ነው።

ጥያቄ (ታቦር)፦ ካርታው በሟች አባታችን ስም ነው።

መልስ፦ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፤ ወንድምና እህት ካላችሁ ለአንዳችሁ በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ስጡ። ያለ እሱ ማመልከቻው ሳይነበብ «ምን አገባህ» ይባላል። ማረጋገጫው ከዘገየ፣ የችሎቱን ቀጠሮ ማስረጃ አያይዛችሁ የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ይህ ራሱ ቀኑ ከማለፉ በፊት መግባት አለበት።

ጥያቄ (ሐዌላ ቱላ)፦ ካርታ የለኝም፤ ታክሱን ብከፍል ይዞታዬ ይጸድቃል?

መልስ፦ አይጸድቅም። ደረሰኙ መክፈላችሁን እንጂ ባለ ይዞታ መሆናችሁን አያረጋግጥም። ደረሰኞቹን ግን አትጣሉ፤ በቦታው ላይ ለመቆየታችሁ አንድ ማስረጃ ናቸው።

ጥያቄ (ምሥራቅ)፦ እናቴ ጡረተኛ ናት፤ ግምቱ ልክ ነው፣ ግን አቅም የላትም።

መልስ፦ ይህ አቤቱታ ሳይሆን የማቅለያ ጥያቄ ነው፤ መንገዱም የተለየ ነው። «ግምቱ ተሳስቷል» ብላችሁ አትጻፉላት። የጡረታ ደብተሯን፣ የቀበሌ የነዋሪነት ማረጋገጫና ሌላ ገቢ እንደሌላት የሚያሳይ ደብዳቤ ይዛችሁ በቅድሚያ ክፍያው በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲፈጸም፣ ቀጥሎም ክልሉ ለዝቅተኛ ገቢ የፈቀደው ነጻ መሆን ወይም ቅናሽ ካለ እንዲታይላት ጠይቁ። እማማ ካርታው በስማቸው ከሆነ ፊርማው የእሳቸው ይሁን።

ጥያቄ (አዲስ ከተማ)፦ ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ታክሱን አንተ ክፈል አለኝ።

መልስ፦ ታክሱ የባለ ይዞታው ነው። በውላችሁ ላይ ተከራዩ ይከፍላል የሚል ከሌለ አትገደዱም፤ ከከፈላችሁ በስማቸው የወጣውን ደረሰኝ ተቀብላችሁ ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።