ወንድሜ የላከው የማስለቀቂያ ገንዘብ «አሸባሪን መርዳት» ይባላል?

ጥያቄ፦ በ2022 ከብራዚል ተነስቼ በእግርም በአውቶቡስም ሜክሲኮ ደረስኩ። ሬይኖሳ ላይ ደላላው ለታጠቁ ሰዎች አሳልፎ ሰጠን። አንድ ቤት ውስጥ 11 ቀን ዘጉብን። ሚኒያፖሊስ ያለው ወንድሜ 3,500 ዶላር ልኮላቸው ነው የወጣሁት። አሁን ጥገኝነት ጠይቄ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። የሜክሲኮ የዕፅ ነጋዴ ቡድኖች (ካርቴሎቹ) አሸባሪ ተብለዋል ሲባል ሰማሁ። እኔንና ወንድሜን ምን ይጠብቀናል? ለመሆኑ እነዚህ ዘራፊዎች አሸባሪ መባላቸውስ ትክክል ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ እንኳን በሕይወት ወጡ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፋይልዎ ላይ ያለውም እሱ ነው።)

እንቅልፍ የሚነሳው የወንጀሉ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የካቲት ወር 2025፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 20፣ ስምንት ቡድኖችን በውጭ አሸባሪ ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ስድስቱ የሜክሲኮ ናቸው፤ ሲናሎአ፣ ሐሊስኮ፣ ሬይኖሳ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የነገሠው የባሕረ ሰላጤው ካርቴልም አሉበት። የተዘረዘረን ድርጅት እያወቁ መርዳት እስከ 20 ዓመት ያሳስራል። ነገር ግን ይህ የወንጀል ድንጋጌ ወደኋላ ሄዶ አይሠራም። በ2022 የተከፈለ ገንዘብ ከዝርዝሩ በፊት የተከፈለ ነው። እርስዎም ወንድምዎም በዚህ አንቀጽ ትከሰሳላችሁ ብዬ አልሰጋም።

የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እሱ ዝርዝርን አይጠብቅም፤ ሁለት ሰዎችም ቢሆኑ ተደራጅተው ሕጉ «የሽብር ድርጊት» የሚለውን ከፈጸሙ፣ ማንም ስማቸውን ባይጽፈውም አሸባሪ ድርጅት ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄዎም የሚመለሰው እዚሁ ላይ ነው። ሕጉ ስለ መሣሪያ ሲናገር «ለግል የገንዘብ ጥቅም ብቻ» የተደረገውን ከሽብር ያወጣዋል። ስለዚህ ለገንዘብ ብሎ የሚገድል ዘራፊ ነው እንጂ አሸባሪ አይደለም ብሎ የሚከራከር ሰው መሠረት አለው። ጥቂት መስመር ከፍ ብለው ሲያነቡ ግን ሌላ ሐረግ አለ፦ ሰውን ይዞ፣ እገድለዋለሁ ወይም አልለቀውም እያለ ሦስተኛ ወገንን አንድ ነገር ማስገደድ። እዚያ ላይ የገንዘቡ ማምለጫ የለም። የእርስዎ 11 ቀን ከዚህ ሐረግ ጋር ልክክ ይላል። የተያዙት እርስዎ፣ ሦስተኛው ወገን ወንድምዎ። በእርስዎ ላይ የሠሩት ግፍ እነሱን አሸባሪ ያደርጋል፤ እርስዎ ለመውጣት ያስከፈሉት ገንዘብ ደግሞ እርስዎን «ቁሳዊ ድጋፍ የሰጠ» አሰኝቶ ጥገኝነት ሊያስከለክልዎት ይችላል።

«ተገድጄ ነው» ማለትስ? የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድ በ2016 በአንዲት ኮሎምቢያዊት ነጋዴ ጉዳይ መገደድ በራሱ ከክልከላው አያወጣም አለ። ሴትዮዋ የሱቋን ዕቃ ለፋርክ ሽምቅ ተዋጊዎች የሰጠችው ተገዳ ነበር። በ2018 ደግሞ አማፅያን ጠልፈው ምግብ ያስበሰሏትንና ልብስ ያሳጠቧትን ኤልሳልቫዶራዊት ሴት፣ የድጋፉ ማነስ አያድንሽም አላት። ይህን ውሳኔ ባነበብኩ ቁጥር ያንገሸግሸኛል፤ ሆኖም ሕግ ሆኖ ቆሟል።

በር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ቡድኑ ያኔ ስላልተዘረዘረ፣ አሸባሪ መሆኑን አላውቅም፣ ላውቅም አልችልም ነበር ብሎ ማስረዳት ይቻላል፤ የሚጠየቀው ማስረጃ ግን ከባድ ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥት በግዳጅ የሰጡትን ሰዎች ከክልከላው ነፃ የማድረግ ሥልጣን አለው። ከ2007 ጀምሮ ለኮሎምቢያ ታጣቂዎች ተገደው ለሰጡ ሰዎች ተሠርቶበታል። ይህን ዳኛው ሊሰጥዎት አይችልም፤ ሥልጣኑ የሚኒስትሮቹ ነው። ሁሉም ቢዘጋ፣ ሀገርዎ ብመለስ እሰቃያለሁ የሚሉበት የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ጥበቃ ይቀራል፤ እሱ መባረርን ያስቆማል እንጂ ግሪን ካርድ አያመጣም።

አሁን ዛሬውኑ የሚያደርጉት። የጽሑፍ ቃልዎን ያስመጡና አማርኛ በሚያውቅ ሰው ቃል በቃል ያስነብቡት። አንድ ደንበኛዬ «ማፍያዎቹ ዘጉብን» ብሎ የተናገረውን አስተርጓሚው «ካርቴሉ» ብሎ አስገብቶት ነበር። ልጁ የየትኛው ቡድን ሰዎች እንደሆኑ በሕይወቱ አያውቅም፤ ያየው ሁለት ጠመንጃና አንድ ስልክ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት ግን የማያውቀውን የመሰከረ ሆነ። መክፈልዎን አይደብቁ፤ ውሸት ከክፍያው የባሰ ያጠፋዎታል። ሲጠየቁ ያዩትን ይናገሩ፤ የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ፤ ከዩቲዩብ የሰሙትን አይጨምሩበት።

ወንድምዎ ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ ለዜግነት ከማመልከቱም ከሀገር ከመውጣቱም በፊት ሎየር ያናግር። የአጎት ልጅ መንገድ ላይ ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ከፌብሩዋሪ 2025 ወዲህ የሚላክ ገንዘብ የወንጀሉን ድንጋጌ ራሱን ሊነካ ይችላል። ሰው ተያዘ ብለው ቢደውሉ፣ ወደ ሐዋላ ቤት ከመሮጥ በፊት ለሎየርና ለኤፍቢአይ ይደወል።

ትክክል ነው ወይ ላሉት፣ የኔ አስተያየት አይደለም ነው። የካርቴል አለቆችን ንብረት የሚያግድ ሕግ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ አደንዛዥ ዕፅን የሚመለከቱት ሕጎችም ዕድሜ ልክ ያሳስራሉ። ሲናሎአ ላይ ያለ አለቃ አንድ ስም ስለተጨመረለት አይደነግጥም። የሚደነግጠው ጠመንጃ ተደቅኖበት የከፈለው ነው፤ ለካርቴል ግብር እየከፈለ አቮካዶ የሚያመርተው የሚቾአካን ገበሬና እርስዎ። በ2022 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ100,000 ሰው በላይ ከመጠን ባለፈ ዕፅ መሞቱን አልዘነጋም፤ የሟች ቤተሰብ ቁጣም ይገባኛል። ግን እኛም ይህን ስም አወጣጥ እናውቀዋለን። በ2011 ምክር ቤታችን ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት ሰባትን አሸባሪ ብሎ፣ በ2018 ሰረዛቸው። በመሃል «ለእነሱ አዋጣህ» ተብሎ የታሰረው ሰው ዓመታቱን ማንም አልመለሰለትም።

ወንድምዎ ገንዘቡን የላከበት ደረሰኝ ካለ ይፈለግ፤ ቀኑ ከዝርዝሩ በፊት መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። አጋቾቹ የደወሉበትና ያስፈራሩበት የዋትስአፕ መልእክትም ከስልኩ እንዳይጠፋ፤ ስልክ ሊቀይር ከሆነ አስቀድሞ ያስገልብጠው።