«ፋይሉን በቴሌግራም ላክልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ውጭ አገር ያሉ ወጣት ተመራማሪዎቻችን አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። አንዱ ፒኤችዲ ጀምሯል፤ ሌላዋ ፖስትዶክ፣ ከፒኤችዲ በኋላ ያለው ምርምር ላይ ናት። የሚሠሩት በብሎክቼይን (ብዙ ወገኖች በጋራ የሚይዙት ዲጂታል መዝገብ)፣ በዳታ ደኅንነት ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ «ከአገር ቤት ዳታ አግኝቼ ለአገሬ የሚጠቅም ነገር ልሥራ።» ሐሳቡ ቆንጆ ነው። የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ጓደኛዬ እዚያ መሥሪያ ቤት ነው ያለው፤ ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልኛል።»

እኔም አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ቁጣ አይደለም፤ ካየሁት ነው የምነግራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራ አብሮ አደጌ የኤክሴል ፋይል ላከልኝ። ወደ አራት ሺህ መስመር ይሆናል። «ስሙን አጥፍቼዋለሁ፣ አታስብ» አለኝ። አልዋሸም፤ የስምና የአባት ስም ዓምዶች የሉም። ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። አንድ ማታ ፋይሉን ወደ ቀኝ ስገፋው ጥግ ላይ «የአያት ስም» የሚል ዓምድ ቁጭ ብሏል። ከጎኑ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ሥራ። አንዱ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። የሰፈራችን ሰው ናቸው። የምርመራ ውጤታቸውም አለ፤ ለቤተሰብ እንኳ የማይነገር ዓይነት።

ፋይሉን አጠፋሁት፤ ለአማካሪዬም ነገርኩት። የጻፍኩት ረቂቅ መና ቀረ። እሱ ብዙም አልቆጨኝም። የቆጨኝ፣ አገር ቤት ስሄድ እኚያው ሰው አግኝተውኝ እጄን ይዘው ሲመርቁኝ ቀና ብዬ ማየት አለመቻሌ ነው። እሳቸው ምንም አያውቁም። እኔ ነኝ የማውቀው።

ስምን ከፋይል ላይ መሰረዝ ማንነትን መደበቅ እንዳልሆነ በዘርፉ የታወቀ ነው። ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ እ.አ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት፣ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ ያህሉን በፖስታ ኮድ፣ በልደት ቀንና በፆታ ብቻ ነጥሎ ማወቅ እንደሚቻል ገምታ ነበር። በ2008 ደግሞ ናራያናንና ሽማቲኮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ስም የሌለውን የኔትፍሊክስ የፊልም ደረጃ አሰጣጥ ዳታ ወስደው ከጀርባው ያሉ ሰዎችን መለየት እንደሚቻል አሳዩ። ይህን ሁላችሁም ክፍል ውስጥ ተምራችሁታል። ግን የአገር ቤት ፋይል ሲሆን እንረሳዋለን።

የእኛ ዳታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስምን ከዳታ ላይ የሚሰርዙት ብዙዎቹ የኮምፒውተር መሣሪያዎች የተሠሩት ለፈረንጅ ስም ነው፤ አንድ መጠሪያ፣ አንድ የቤተሰብ ስም። የእኛ ስም ከአባት ወደ አያት ይወርዳል። «መስከረም 12 ቀን 1978» ተብሎ የተጻፈውን መሣሪያው ቀን መሆኑንም ላያውቀው ይችላል። አስተያየት በሚጻፍበት ዓምድ ውስጥ «የእነ እገሌ ልጅ» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ መሣሪያውን አትመኑ፤ ቁጭ ብላችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ሕጉም ተለውጧል። «እኛ አገር ለዚህ ሕግ የለም» የሚል ሰው ከገጠማችሁ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል በሉት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የጤና መረጃን የመሰለውን ጥንቃቄ የሚሻ ዳታ ለይቶ ይጠብቃል፤ ዳታ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታም ይደነግጋል። እናንተ ውጭ ስላላችሁ ሕጉ የማይመለከታችሁ እንዳይመስላችሁ። እናንተን ባይነካ እንኳ ላኪውን ጓደኛችሁን ይነካዋል። እንጀራው ላይ ነው የምትጫወቱት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዳታው ባለበት ይቀመጥ፤ ኮዱ ይሂድ። ፌደሬትድ ለርኒንግ (ሞዴሉን ዳታው ባለበት ማሠልጠን) የሚባለው ሐሳብ መሠረቱ ይኸው ነው። ግን ያን ያህል መራቀቅም ላያስፈልግ ይችላል። አጭር ስክሪፕት፣ ዳታውን የሚያሰላ ኮድ ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ ይፍቀድ፤ ጓደኛችሁ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያስኪደው፤ የሚልክላችሁ የውጤት ሠንጠረዡን ብቻ ይሁን። ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የያዘ ሳጥን ካለ ይደበቅ፤ ትንሽ ቁጥርም ሰው ያጋልጣል። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ከሁለቱም ወገን ይሁን፤ ከእናንተ ዩኒቨርሲቲም፣ ከአገር ቤቱም። አዎ፣ ወራት ይወስዳል። የምርምር ዕቅዳችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት።

ስለ ብሎክቼይን ትንሽ ልናገር። አገር ቤት ቃሉ ይወደዳል። እ.አ.አ. በሚያዝያ 2021 ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሚገነባው ድርጅት ለአምስት ሚሊዮን ተማሪዎች ብሎክቼይን ላይ የተመሠረተ መታወቂያና የውጤት መዝገብ ለመሥራት መስማማታቸው ሲነገር ስልኬ ዕረፍት አልነበረውም። ያኔም ዛሬም የምጠይቀው አንድ ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ማን ነው? የማይተማመኑ ብዙ ወገኖች ካሉ ብሎክቼይን ትርጉም አለው። የሚጽፈው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ደህና ዳታቤዝና ዲጂታል ፊርማ ይበቃል። «ብሎክቼይን አያስፈልጋችሁም» ማለትም የምርምር ውጤት ነው። ፈንድ አያመጣም እንጂ።

የግል መረጃ ግን በምንም ሰበብ የብሎክቼይኑ ሰንሰለት ላይ አይውጣ። እዚያ የተጻፈ አይፋቅም። የአውሮፓው የዳታ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ በአንቀጽ 17 ሰው መረጃዬ ይሰረዝልኝ እንዲል መብት ይሰጣል፤ እናንተ አውሮፓ ሆናችሁ ይህን ብትረሱ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ። «ሃሽ አድርጌዋለሁ» የሚለኝ ደግሞ አለ፤ መረጃውን በስሌት ወደማይነበብ ኮድ ለውጬዋለሁ ማለቱ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። በ09 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር ውሰዱ፤ ስምንት አሃዝ ይከተለዋል። አንድ መቶ ሚሊዮን አማራጭ ነው። ተራ ላፕቶፕ ሁሉንም በኤስኤችኤ-256፣ በታወቀው የሃሽ ቀመር፣ አስልቶ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሃሽ የማን ስልክ እንደሆነ ዝርዝሩ በእጃችሁ ነው። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥርም ለጥሩ ግራፊክስ ካርድ ከባድ አይደለም። ይህን አንድ ጊዜ ለተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ሠርቼ አሳየኋቸው። ቡናዬን ሳልጨርስ አለቀ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት በኩል ያላችሁ ደግሞ ትልቁ ሀብታችሁ ቋንቋችሁ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ነው። ለፊደላችን ባልታሰበ የቋንቋ ሞዴል ላይ ያው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፉን የሚከፍልበት ቁራጭ) ይፈጃል። ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ማድረግ አለማድረግም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ይህን ፈረንጅ አማካሪ አይነግራችሁም። ታዲያ ዳታው ላይ መለያ የሚጽፉላችሁን ልጆች ክፈሏቸው። በሥራው ላይ ያሰበውን ሰው ደግሞ ምስጋና ክፍል ውስጥ አትወሽቁት፤ ደራሲ አድርጉት። ኮንፈረንስ ካለም የቪዛ ደብዳቤውን ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘበት ቀን ጠይቁለት። የእናንተ ፓስፖርት የሚያልፍበት በር ለእሱ አንድ ወር ይወስዳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም።

ሌላ ትንሽ ነገር፤ ስማችሁ። አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ በሌላ አጻጻፍ ይወጣል። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ነፃ ነው። አገር ቤት ላለው ጓደኛችሁም አስወጡለት።

ያ አብሮ አደጌ አሁንም እዚያው ይሠራል። ባለፈው አንድ የማስተርስ ተማሪ ከውጭ ደውሎ ፋይል ሲጠይቀው «ደብዳቤህንና ስክሪፕትህን ላክ» ብሎ መለሰው አሉ። ልጁ ተናዶ እኔ ጋ ደወለ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።