ለማስታወስና ለአእምሮ ጤና ስለሚሸጡ እንክብሎች፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ለማስታወስና ለትኩረት ይረዳሉ ስለሚባሉ እንክብሎች ያላችሁን ጥያቄ እንድትልኩ ጋብዤ ነበር፤ ከደረሱኝ መካከል የብዙዎችን ሐሳብ የያዙትን ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ አባቴ 76 ዓመት ሆኗቸዋል፤ መርሳት አብዝተዋል። ውጭ አገር ያለች እኅቴ ጊንኮ ቢሎባ የሚባል እንክብል ልካላቸዋለች። ለልባቸው ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ስለሚወስዱ ፈራሁ፤ ልስጣቸው?

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ አይስጧቸው። ጊንኮ ከዋርፋሪን ጋር ሲደመር የመድማት አደጋን ሊያባብስ ይችላል። ጥቅሙም ቢሆን በተወራለት ልክ አልተገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 3,069 ሰዎች ከፊሎቹ 120 ሚሊግራም ጊንኮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ለስድስት ዓመት ያህል ወስደው፣ ጊንኮ በመርሳት በሽታ የሚያዙትን ሰዎች ቁጥር አልቀነሰም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነገሩ «እርጅና ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ እንዲሁም ለእንቅልፍና ለአለርጂ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ሰውን ያስረሳሉ፤ እነዚህ ከታወቁ ሊታከሙ ወይም ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ሐኪም ቢያዩ ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦ የቅኔ ተማሪ ነኝ። አብሾ የጠጣ ሰው የሰማው ሁሉ አይጠፋውም ይባላል። እውነትነት አለው?

መልስ፦ አብሾ ምን ምን እንደሚገባበት አዋቂ ነን የሚሉት ስለሚሰውሩትና ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ በስሙ ብቻ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ብዙ ጊዜ ከአብሾ ጋር ስሙ ስለሚነሣው ስለ አስተናግር ግን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል፤ ይህን ተክል አንዳንድ የአብነት ተማሪዎችና ደብተራዎች «አእምሮ ይከፍታል» ብለው እንደሚጠቀሙበት በጥናት ተመዝግቧል። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ሁለቱም አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ አእምሮ አዲስ ነገር ለመያዝ የሚያስፈልገውን የነርቭ መልእክተኛ ሥራ ያግዳሉ። አልዛይመር ለተባለው የመርሳት በሽታ የሚታዘዘው ዶኔፔዚል የተባለ መድኃኒት አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ የሚሠራ በመሆኑ፣ አስተናግር የሚወስድ ተማሪ የመርሳት ሕክምናውን ተቃራኒ እየወሰደ ነው ማለት ነው። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውየውም የሌለ ነገር እያየ ይቀባዥራል፤ «አብሾው ተነሣበት» የሚባልበት ዓይነት ሁኔታ ነው። በተክሉ ውስጥ ያለው የመርዝ መጠን ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ፣ አንዱን ያልጎዳው መጠን ሌላውን ሊገድል ይችላል፤ የወሰደ ሰው ካጋጠማችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

የጎጃም የቅኔ ሊቃውንት ያን ሁሉ በቃላቸው መያዛቸው ከመጠጥ የመጣ አይመስለኝም። የሰሙትን መጽሐፍ ሳይገልጡ ለመምህር ማሰማት፣ ጊዜ እያሳለፉም ደግሞ መከለስ፣ የዛሬ የትምህርት ተመራማሪዎች ዝም ብሎ ደጋግሞ ከማንበብ የሚበልጥ መሆኑን ያረጋገጡት የአጠናን ዘዴ ነው።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ አጽዋማትን ሁሉ እጾማለሁ። የስኳር ሕመም ስላለብኝ ሜትፎርሚን ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እግሬን ይደነዝዘኛል፤ እረሳለሁም። የቢ12 እንክብል ልግዛ?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ይመርመሩ። ለአዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም የሚበቃው ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች፣ በፍስክ ወራት እነዚህን የሚመገብ ሰው በጾም ብቻ ቶሎ አይጎዳም። ይሁን እንጂ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ከምግብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚቀንስ፣ የእርስዎን ሁኔታ ጾሙ ብቻውን አያስረዳውም። እግር መደንዘዝ ከራሱ ከስኳሩም ሊመጣ ይችላል፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቋርጡ። ፎሊክ አሲድ ብቻውን መውሰድም አይበጅም፤ የደም ማነሱን አሽሎ፣ በቢ12 እጥረት የሚደርሰው የነርቭ ጉዳት ሳይታወቅ እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላል።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ተልባ ኦሜጋ 3 የሚባል ቅባት አለው ከተባለ የዓሣ ዘይት እንክብል ለምን እገዛለሁ?

መልስ፦ በተልባ ውስጥ ያለው የኦሜጋ 3 ዓይነት፣ ሰውነት ወደ አእምሮ ዋና ቅባት ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። እንክብሉም ቢሆን የጠበቁትን አያመጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ኦሜጋ 3ን፣ ቫይታሚን ቢንና ቫይታሚን ኢን የመርሳት በሽታን ለመከላከል ብሎ መውሰድን አልመከረም። ከጣና የሚወጣውን ዓሣ መመገብ የተሻለ ገንዘብ ማዋያ ነው።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ሌሊት ለማጥናት የሚያተጋ እንክብል አለ?

መልስ፦ ሜቲልፌኒዴት የተባለው ለትኩረት ችግር የሚታዘዝ እንክብል ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሸጥ መድኃኒት ነው፤ ከጓደኛ እንዳትቀበል። ቡና ይበቃሃል፤ ካፌይኑ ግን ከተጠጣ አምስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር ከምሽት አስቀድመህ ጠጣው። ቀን ያጠኑት የሚጸናው በእንቅልፍ ነው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፣ ከመምህር፦ በክፍሌ ውስጥ ትኩረት የማይሰጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ምን ዓይነት ቫይታሚን ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ በደጋ አገር ግን በመጀመሪያ የምጠረጥረው አዮዲንንና ብረትን ነው። ለዘመናት የወረደ ዝናብ አዮዲንን ከተራራማ መሬት አጥቦ ስለሚወስደው፣ እንቅርት በአካባቢያችን የኖረ ችግር ነው። ከእንቅርቱ ይበልጥ የሚከፋው፣ በእርግዝና ወቅት እናቲቱ አዮዲን ካነሳት የፅንሱ አእምሮ እድገት መጎዳቱ ነው፤ ይህን ልጁ ካደገ በኋላ የሚያካክስ እንክብል የለም። ስለዚህ አዮዲን ያለበት ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። ብረት ያነሰው ልጅም የሚፈዘዝና ቶሎ የሚደክም ይሆናል፤ የሆድ ትሎችን መታከም፣ ቡናና ሻይንም ከምግብ ጋር አለመስጠት ከብዙ ጠርሙስ ቫይታሚን ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እንግዲያው መልቲቫይታሚን ከንቱ ነው?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ3,500 በሚበልጡ አረጋውያን ላይ በየቀኑ መልቲቫይታሚን መውሰድ የማስታወስ ችሎታን በጥቂቱ አሻሽሏል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ ጠርሙሶችን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባለው የአገሪቱ ሕግ ሻጩ ምርቱን ገበያ ላይ ከማዋሉ በፊት ውጤታማነቱን ለመንግሥት እንዲያረጋግጥ አይገደድም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተስፋ ይህን አስበው ያንብቡ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ።